የአውሮፕላን ማረፊያ ላውንጅ፦ ማን ይገባል? ማንንስ ይዞ መግባት ይቻላል?

ከዲላና ከጌዴኦ ዞን ለሚነሱ መንገደኞችና ቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ማብራሪያ

ከዲላ ከተማ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ወደ 360 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከይርጋጨፌ፣ ከኮቸሬ ወይም ከገደብ ለሚነሳ ሰው ደግሞ ርቀቱ ከዚህም ይበልጣል። በዚህ ምክንያት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ የጌዴኦ ዞን ነዋሪ ብዙውን ጊዜ በረራው ከመነሳቱ ብዙ ሰዓት ቀድሞ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳል። አብዛኛውን ጊዜም ብቻውን አይመጣም፤ ወላጆች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ አንዳንዴም ጎረቤቶች አብረውት ይመጣሉ። በረጅሙ የቆይታ ሰዓት «ላውንጅ» ስለሚባለው የእረፍት አዳራሽ ጥያቄ የሚነሳውም ያኔ ነው። ማን ይገባል? ቤተሰብስ አብሮ መግባት ይችላል? «በቪአይፒ አሳልፋችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰውስ ምን መልስ ይሰጣል?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለእነዚህ ጥያቄዎች ምላሽ መስጠት ነው። በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው ዋናው ነገር፣ የአየር መንገድ ላውንጅ የመግቢያ መብት የሚመነጨው ከተቆረጠው ትኬት ወይም ከመንገደኛው የአባልነት ደረጃ መሆኑ ነው። መብቱ በትውውቅ ወይም በድጋፍ ደብዳቤ የሚገኝ አይደለም፤ ለደላላ በሚከፈል ገንዘብም አይገዛም።

ላውንጅ ምን ይሰጣል? ምንስ አይሰጥም?

ላውንጅ መንገደኞች በረራቸውን በጸጥታ የሚጠባበቁበት አዳራሽ ነው። ምቹ መቀመጫ፣ ምግብና መጠጥ፣ የኢንተርኔት አገልግሎት፣ በአንዳንዱም መታጠቢያና ማረፊያ ይገኝበታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቦሌ ተርሚናል 2 «ክላውድ ናይን» በተባለው የቢዝነስ ክላስ ላውንጁ የአገራችንን የቡና ሥነ ሥርዓት ለመንገደኞች ያቀርባል።

ላውንጅ የማይሰጠውን ማወቅም የዚያኑ ያህል አስፈላጊ ነው። ላውንጅ የገባ መንገደኛ ከፓስፖርት ቁጥጥር፣ ከቪዛ ምርመራ፣ ከጉምሩክም ሆነ ከደኅንነት ፍተሻ ነፃ አይሆንም። በቦሌ የዓለም አቀፍ በረራ ላውንጆች የሚገኙት የኢሚግሬሽን ቁጥጥር ከታለፈ በኋላ ነው። ሰነዱ ያልተሟላ ሰው ከላውንጁ በር እንኳ አይደርስም።

ከአየር መንገድ ላውንጅ ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታው የክብር እንግዶች ሳሎን ነው። ይህ ለመንግሥት እንግዶችና ለከፍተኛ ባለሥልጣናት በመንግሥት የፕሮቶኮል አሠራር የሚፈቀድ እንጂ ከትኬት ጋር የሚሸጥ አገልግሎት አይደለም።

«አንደኛ ማዕረግ» እና ቢዝነስ ክላስ

በአነጋገር ልማድ ከኢኮኖሚ ክላስ በላይ ያለው መቀመጫ ሁሉ «አንደኛ ማዕረግ» ይባላል። በአየር መንገዶች አሠራር ግን አንደኛ ማዕረግና ቢዝነስ ክላስ የተለያዩ ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚሰጠው ክላውድ ናይን የተባለውን ቢዝነስ ክላስና ኢኮኖሚ ክላስን ብቻ ነው፤ ራሱን የቻለ አንደኛ ማዕረግ የለውም። እንደ ሉፍታንዛና ሲንጋፖር አየር መንገድ ያሉት በአንዳንድ ረጅም በረራዎቻቸው ላይ ከቢዝነስ ክላስ የሚበልጥ አንደኛ ማዕረግ አላቸው።

ልዩነቱ ለመንገደኛው ትርጉም የሚኖረው በእንግዳ ደንቡ ላይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ጀምሮ አባል በሆነበት የስታር አልያንስ ጥምረት ደንብ መሠረት፣ የዓለም አቀፍ አንደኛ ማዕረግ መንገደኛ አንድ እንግዳ ይዞ መግባት ይችላል። የቢዝነስ ክላስ መንገደኛ ግን የሚገባው ራሱ ብቻ ነው። የቢዝነስ ክላስ ትኬት የገዛ ሰው በኢኮኖሚ ክላስ አብረውት የሚበሩትን የትዳር ጓደኛውን ወይም ባልደረባውን በትኬቱ ብቻ ማስገባት አይችልም።

በአባልነት ደረጃ የሚገኝ መብት

ሁለተኛው የመግቢያ መንገድ የተደጋጋሚ መንገደኞች አባልነት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መርሐ ግብር «ሼባ ማይልስ» ይባላል። ለመመዝገብ ክፍያ አይጠየቅም፤ ይሁን እንጂ መመዝገብ ብቻውን ላውንጅ አያስገባም። አባሉ በበረራ ብዛትና በተጓዘው ርቀት ከብሉ ወደ ሲልቨር፣ ከዚያም ወደ ጎልድና ፕላቲነም ደረጃ ያድጋል።

ጎልድና ፕላቲነም አባላት በጥምረቱ ዘንድ «ስታር አልያንስ ጎልድ» ተብለው ይታወቃሉ። እነዚህ አባላት በኢኮኖሚ ክላስ ቢጓዙም እንኳ በስታር አልያንስ አየር መንገድ እስከተሳፈሩ ድረስ ወደ ጥምረቱ ላውንጆች ይገባሉ፤ አንድ እንግዳም ይዘው መግባት ይችላሉ። በጥምረቱ ደንብ የሲልቨር ደረጃ በአባል አየር መንገዶች ሁሉ የሚሠራ የላውንጅ መብት አይሰጥም።

አባልነቱ የሚያገለግለው በጥምረቱ ውስጥ ብቻ ነው። ከጌዴኦ ዞን የሚነሱ ብዙ መንገደኞች ወደ ዓረብ አገሮች ስለሚጓዙ ይህን ማስተዋል ይገባል። ኤምሬትስ በየትኛውም ትልቅ የአየር መንገዶች ጥምረት ውስጥ የለም፤ ኳታር ኤርዌይስ የዋንወርልድ፣ የሳውዲ ዓረቢያው ሳውዲያ ደግሞ የስካይቲም አባል ነው። በእነዚህ አየር መንገዶች ለሚጓዝ ሰው የሼባ ማይልስ ጎልድ ካርድ የላውንጅ መብት አያስገኝም። የቱርክ አየር መንገድና ሉፍታንዛ ግን የስታር አልያንስ አባላት ስለሆኑ ካርዱ ይሠራል።

እንግዳ የሚባለው ማን ነው?

ብዙ ቅሬታ የሚነሳው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። በላውንጅ ደንብ «እንግዳ» ማለት ሸኚ ማለት አይደለም። እንግዳው ራሱ የዚያን ዕለት መንገደኛ መሆን፣ በስታር አልያንስ አባል አየር መንገድ የሚበርበት የመሳፈሪያ ካርድ መያዝና ከጋባዡ ጋር አብሮ መግባት አለበት። የማይበር ሰው የኢሚግሬሽን ቁጥጥርን ማለፍ ስለማይችል የማንም እንግዳ ሆኖ ላውንጅ ሊገባ አይችልም።

ደንቡ በተግባር የሚሠራበትን መንገድ ሦስት ምሳሌዎች ያሳያሉ።

አንደኛ፦ የሼባ ማይልስ ጎልድ አባል የሆነ የዲላ ቡና ላኪ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር በኢኮኖሚ ክላስ ወደ ፍራንክፈርት ይጓዛል። እርሱ ይገባል፤ ከሁለቱ ባልደረቦቹ አንዱን ይዞ መግባት ይችላል። ሁለተኛው በራሱ ትኬት ወይም ካርድ መብት ከሌለው ተርሚናሉ ውስጥ ይጠብቃል።

ሁለተኛ፦ የቢዝነስ ክላስ ትኬት ያላቸው እናት በኢኮኖሚ ክላስ ከምትጓዝ ልጃቸው ጋር ይበራሉ። እናት ብቻ ይገባሉ። ልጅ ልትገባ የምትችለው ከሁለቱ አንዳቸው የጎልድ ደረጃ ካላቸው ነው።

ሦስተኛ፦ አንድ ወጣት ለትምህርት ወደ ውጭ ይሄዳል፤ አባቱ ከወናጎ ሊሸኙት መጥተዋል። ልጁ የቢዝነስ ክላስ ትኬት ቢኖረውም፣ የጎልድ አባል ቢሆንም፣ አባቱ ላውንጅ መግባት አይችሉም፤ ተጓዥ አይደሉምና።

የቀንና የሰዓት አቆጣጠር

በስታር አልያንስ ደንብ መሠረት ላውንጅ የሚያስገባው የዚያው ዕለት በረራ፣ ወይም በማግሥቱ ከጠዋቱ 05:00፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት በፊት የሚነሳ በረራ ነው። በትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ ቀኑም የአውሮፓውያን ስለሆነ ስሕተት በቀላሉ ይፈጠራል።

ለምሳሌ በትኬቱ ላይ «ሐሙስ 00:40» ከተጻፈ፣ በረራው የሚነሳው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6፡40 ነው። መንገደኛው ቦሌ መገኘት ያለበት ረቡዕ ምሽት ነው፤ ሐሙስ ምሽት ቢደርስ በረራው አምልጦታል። ከቦሌ ብዙ ዓለም አቀፍ በረራዎች የሚነሱት በምሽትና በእኩለ ሌሊት አካባቢ በመሆኑ፣ ከዲላ የሚነሳ ሰው የመንገዱን ቀን ከመወሰኑ በፊት የትኬቱን ሰዓት ከሚያውቅ ሰው ጋር ሊያረጋግጥ ይገባል።

ረቡዕ ቀን ቦሌ የደረሰና መብት ያለው ይህ መንገደኛ የመሳፈሪያ ካርዱን ከወሰደ በኋላ ላውንጅ መጠቀም ይችላል። በረራው ሐሙስ 10:30፣ ማለትም ከረፋዱ 4፡30 ቢሆን ኖሮ ግን ረቡዕ ማታ ላውንጅ ውስጥ ማደር አይፈቀድለትም ነበር። እንዲህ ያለ መንገደኛ ለአዳር የሚሆን ቦታ አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ከዲላ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው ሐዋሳ በአገር ውስጥ በረራ ወደ ቦሌ መድረስም ለአንዳንዱ መንገደኛ የተሻለ አማራጭ ይሆናል።

ሸኚዎችና ተቀባዮች

ወደ መነሻ ተርሚናል የሚገቡት መንገደኞች ናቸው። ስለዚህ ስንብቱ፣ ምክሩና ምርቃቱ ከተርሚናሉ መግቢያ በፊት ቢጠናቀቅ ይመረጣል። ብዙ ሰው ከጌዴኦ ድረስ ለሽኝት ከሚመጣ፣ ስንብቱን በቤት አድርጎ አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ማስከተል ወጪን ይቀንሳል። በተለይ ተጓዡ ሻንጣውን፣ ፓስፖርቱንና ሰነዶቹን በሚገባ መያዙን የሚያረጋግጥ ሰው አብሮት መኖሩ ይጠቅማል።

እንግዳ ለመቀበል ለሚሄዱም ተመሳሳይ ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ጎብኚዎችን የሚቀበሉ አስጎብኚዎች፣ እንዲሁም የቡና ገዢዎችን የሚያስተናግዱ ነጋዴዎች እንግዳቸውን የሚያገኙት መድረሻው በር ውጭ ነው። የመነሻ ላውንጆች ለተቀባይ አያገለግሉም።

«በቪአይፒ አሳልፋችኋለሁ» ለሚሉ ግለሰቦች ገንዘብ አይክፈሉ

ወደ ውጭ አገር ለሥራ የሚሄዱ ወጣቶችና ወላጆቻቸው በዚህ ረገድ የተለየ ጥንቃቄ ማድረግ አለባቸው። «በላውንጅ ስትገቡ አትጠየቁም»፣ «ቪዛው ባይሟላም በቪአይፒ ትወጣላችሁ» የሚል ሰው የሚሸጠው አገልግሎት በሕግ የለም። ከላይ እንደተገለጸው ላውንጅ ማንንም ከቁጥጥር አያሳልፍም። እንዲህ ዓይነቱ ቃል ገንዘብ ከመብላት አልፎ ሰውን ለሕገ ወጥ ዝውውር የሚያጋልጥ ሊሆን ይችላል፤ በሰው የመነገድና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀሎች በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ያስቀጣሉ።

የውጭ አገር ሥራ ስምሪት የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 923/2008 እና ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1246/2013 ነው። በሕጉ መሠረት የመግቢያ ቪዛና የደርሶ መልስ የትራንስፖርት ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። «የላውንጅ»፣ «የቪአይፒ» ወይም «የማሳለፊያ» የሚባል ክፍያ ሠራተኛው ከሚሸፍናቸው ወጪዎች መካከል የለም። ላም ሸጦ ወይም የቡና መሬት አስይዞ ለዚህ ገንዘብ ማውጣት ቤተሰብን ለኪሳራ ይዳርጋል።

እንዲህ ያለ ጥያቄ የቀረበለት ሰው ፓስፖርቱን አሳልፎ ሳይሰጥ በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ለሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይኖርበታል። አንዳንድ የዓለም አውሮፕላን ማረፊያዎች በክፍያ የሚያስገቡ ላውንጆች እንዳሏቸው ይታወቃል፤ ክፍያው ግን በላውንጁ መቀበያ ወይም በድርጅቱ ድረ ገጽ በደረሰኝ የሚፈጸም እንጂ ከተርሚናል ውጭ ለግለሰብ የሚሰጥ አይደለም።

የላውንጅ መብት የሌለው መንገደኛ

የላውንጅ መብት አለመኖሩ ተገቢውን አገልግሎት አያሳጣም። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሕሙማን የተሽከርካሪ ወንበርና የአጃቢ ሠራተኛ እገዛ በየትኛውም ማዕረግ ቢጓዙ ማግኘት ይችላሉ፤ ጥያቄው ትኬት ሲቆረጥ ወይም ከበረራው ቀናት ቀደም ብሎ መቅረብ አለበት። ከሩቅ የመጣ መንገደኛ ለመንገድ የሚሆን ስንቅና ለቅዝቃዜ የሚሆን ልብስ በእጅ ሻንጣው ቢይዝ የጥበቃው ሰዓት ይቀልለታል። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በሆነ ዕቃ የተያዘ ፈሳሽ ግን በዓለም አቀፍ በረራ ፍተሻ ላይ ያስቀራል።

ከመነሳት በፊት የሚረጋገጡ ነጥቦች

• በትኬቱ ላይ የተጻፈው ማዕረግ ኢኮኖሚ ነው ወይስ ቢዝነስ?
• አውሮፕላኑን የሚያበርረው የትኛው አየር መንገድ ነው? የስታር አልያንስ አባል ነው?
• የጎልድ አባልነት ካርዱ የአገልግሎት ጊዜ አላለፈም?
• አብሮ የሚገባው እንግዳ የዚያው ዕለት የመሳፈሪያ ካርድ ይኖረዋል?
• የትኬቱ ቀንና ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ስንት ነው?

ጥርጣሬ ያለበት መንገደኛ ትኬቱን የቆረጠበትን ቢሮ ከዲላ ከመነሳቱ በፊት ሊጠይቅ ይገባል። ላውንጅ ከገቡ በኋላም የመሳፈሪያ ሰዓትን ራስ መከታተል ያስፈልጋል፤ ከላውንጁ እስከ መሳፈሪያው በር ተጨማሪ ፍተሻ ሊኖር ስለሚችል ቀደም ብሎ መነሳት ይመከራል።