መጋቢው ሰርቨር፦ ስለ ዋይልድፍላይና ስለ ምሳሌው አፕሊኬሽን

በጃቫ ቋንቋ የሚጽፍ ባለሙያ የአንድን ማኅበር አባላት የሚመዘግብ ፕሮግራም ለመሥራት ሲነሣ፥ ስሙን ተቀብሎ በዳታቤዝ ማስፈሩ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ሆኖ ያገኘዋል። የሚያደክመው ሌላው ነው፤ ይኸውም ወደ ዳታቤዙ የሚወስደውን ግንኙነት መክፈትና መዝጋት፥ መቶ ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢመጡ ያለ መደነቃቀፍ ማስተናገድ፥ ሥራው በመካከል ቢቋረጥ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ እንዳይቀር መጠበቅ፥ የይለፍ ቃሉንም ከማይገባው ዓይን መሰወር ነው። ይህን ሸክም ከጸሓፊው ትከሻ አውርዶ በራሱ ላይ የሚጭን፥ ሌሎችን ፕሮግራሞች በውስጡ አሳድሮ የሚያስተዳድር ፕሮግራም አፕሊኬሽን ሰርቨር ይባላል።

የዚህ ሥርዓት ድንጋጌ የወጣው ጃቫን በፈጠረው በሳን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያ እጅ ሲሆን፥ ጄ2ኢኢ በሚል ስያሜ የመጀመሪያው ሙሉ ድንጋጌ በ1999 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ታወጀ። በዚያው ዓመት ማርክ ፍለሪ የተባለ ፈረንሳዊ ኮዱ ለሁሉ ክፍት የሆነ ሰርቨር መሥራት ጀመረ፤ እርሱም ጄቦስ ተብሎ ታወቀ። በ2006 እ.ኤ.አ. ሬድ ሃት ገዛው፤ ለሁሉ በነጻ የሚታደለውም ወገን ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዋይልድፍላይ በሚል አዲስ ስም ይወጣል።

የድንጋጌው መጻሕፍት እጅግ ሰፊዎች ስለ ሆኑ፥ ተማሪው ንባቡን ከግብሩ ጋር አስማምቶ ያይ ዘንድ ሊቃውንቱ የምሳሌ አፕሊኬሽኖችን ያዘጋጃሉ። ከእነዚህ ሁሉ ስመ ጥር የነበረው ሳን ያወጣው ፔት ስቶር የተባለ የቤት እንስሳት መደብር ነበረ። ለትምህርት ታስቦ የተሠራ ሆኖ ሳለ፥ ማይክሮሶፍት ያንኑ መደብር በገዛ ዶትኔቱ ዳግመኛ አስጽፎ የእርሱ በመሥመር ቍጥር ያነሰ፥ በፍጥነትም የሚልቅ መሆኑን ባወጀ ጊዜ፥ የጃቫ ወገኖች ምሳሌው ሥርዓትን ለማሳየት እንጂ ለእሽቅድምድም አልተጻፈም ብለው አጥብቀው ተከራከሩ። ፍርዴን ብጠየቅ ለሁለቱም ወገን ጥቂት እውነት እሰጣለሁ፤ ለማስተማር የሚጻፍ ነገር ሁሉን ላሳይ ሲል መብዛቱ አይቀርምና።

ዋይልድፍላይም የራሱ ምሳሌዎች አሉት፤ ከእነርሱም መካከል ኪችንሲንክ የተባለው፥ ስም፥ ኢሜይልና ስልክ ብቻ የሚጠይቅ፥ ከቅጹም ሥር የተመዘገቡትን አባላት የሚዘረዝር ትሑት አፕሊኬሽን ነው። ሰርቨሩን ለማስነሣት ጃቫ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ የታመቀውን ፋይል ፈትቶ ማስነሻውን ማዘዝ ይበቃል። የምሳሌውን ኮድ ደግሞ ሜቨን የተባለው መሣሪያ አጠናቅሮ ዋር በሚባል አንድ ፋይል ውስጥ ይጠቀልለዋል። ይህን ፋይል ዲፕሎይመንትስ ወደተባለው ፎልደር መገልበጥ ብቻ ነው የሚቀረው፤ የሙያው ሰዎች ዲፕሎይ ማድረግ ከሚሏቸው መንገዶች ቀላሉ ይህ ነው። ሰርቨሩ ያን ፎልደር በየ5 ሰከንዱ ይጎበኛል፤ አዲስ ነገር ባገኘ ጊዜም በዋሩ ጎን አንዲት ትንሽ ፋይል ያኖራል፤ ሥራው ሲሳካ ቅጥያዋ «ዲፕሎይድ»፥ ሲከሽፍ «ፌይልድ» ይሆናል። በዚህች በኋለኛይቱ ውስጥ የውድቀቱ ምክንያት ተጽፎ ስለሚገኝ፥ ጀማሪው ሌላ ነገር ከመነካካቱ በፊት እርሷን ከፍቶ ማንበብ ይገባዋል፤ ብዙዎች ግን ይህን ትተው ሰርቨሩን ደጋግመው ሲያጠፉና ሲያስነሡ ይውላሉ።

የነገሩ ምሥጢር ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ኪችንሲንክ ዳታቤዙ የት እንደሚኖር፥ በማን ስም እንደሚገባበት፥ የይለፍ ቃሉም ምን እንደ ሆነ በኮዱ ውስጥ ከቶ አይናገርም። ፐርሲስተንስ በተባለችው የኤክስኤምኤል ፋይሉ ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈው የአንድ ዳታሶርስ ስም ብቻ ነው፤ ያን ስም ይዞ ሰርቨሩን ይጠይቃል፥ ሰርቨሩም ቀድሞ ከፍቶ ካዘጋጃቸው ግንኙነቶች አንዱን ያውሰዋል፥ ሥራው ሲፈጸምም መልሶ ይቀበለዋል። በታላቅ ገዳም የሚኖር መነኩሴ እህሉ ከየትኛው ርስት እንደ ገባ፥ የዕቃ ቤቱም ቍልፍ በማን እጅ እንዳለ ሳይመረምር መጋቢውን ብቻ ጠይቆ ድርጎውን እንደሚቀበል፥ አፕሊኬሽኑም በሰርቨሩ ቤት እንዲሁ ይኖራል። መጋቢውም ገደብ አለው፤ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር ለአንድ ዳታሶርስ ከ20 የበለጡ ግንኙነቶችን አይከፍትም፤ 21ኛው ጠያቂ ከተዋሱት አንዱ እስኪመለስ ድረስ ደጅ ይጠናል።

እኔን አብዝቶ የሚያስደንቀኝ ግን አባሉን የሚመዘግበው ክፍል ማጠር ነው። የሰውየውን ስም በሎጉ ላይ ያሰፍራል፥ አባሉን እንዲያኖርለት ያዛል፥ አዲስ አባል መምጣቱንም ለሌሎቹ ክፍሎች ያበሥራል፤ ሥራው በዚህ አለቀ። ጀምር፥ አጽና፥ ሻር የሚሉ ቃላት በውስጡ አይገኙም። ሰርቨሩ ራሱ ወደዚህ ክፍል ከመግባቱ በፊት ትራንዛክሽን ይከፍታል፤ ክፍሉ በሰላም ሲፈጸም ያጸናዋል፤ ያልታሰበ ስሕተት ቢነሣ፥ ለምሳሌም ቀድሞ በተመዘገበ ኢሜይል ሌላ ሰው ሊመዘገብ ቢሞክርና የሰንጠረዡ ሕግ ቢከለክለው፥ ሁሉንም እንዳልነበረ አድርጎ ይሽረዋል።

ቅጹን በሀገራችን ስም የሚሞክር ሰው ደግሞ ደራሲዎቹ ያላሰቡትን ነገር ያገኛል። ስም ከ25 ፊደል እንዳይበልጥ ተደንግጓል፤ ገብረ ክርስቶስ ወልደ ሥላሴ የሚል ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከነክፍተቱ 28 ስለሚደርስ ይመለሳል፥ በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 17 ብቻ ስለ ሆነ ያለ አንዳች ተቃውሞ ይገባል። በስም ውስጥ ቍጥር እንዳይኖርም ተከልክሏል፤ ሆኖም ክልከላው ከ0 እስከ 9 ያሉትን አኀዞች ብቻ ስለሚያውቅ፥ ፩ እና ፪ ሳይጠየቁ ያልፋሉ። ስልኩ ከ10 እስከ 12 ምልክት ሊኖረው ይገባል፤ ስለዚህ በ09 የሚጀምረው ቍጥራችን በ10 ይገባል፥ በ251 የሚጀምረውም በ12፤ የመደመር ምልክት የጨመረበት ሰው ግን 13 አደረሰው ማለት ነውና ቅጹ ይመልሰዋል።

ይህ ሁሉ የሚጻፍበት ኤች2 የተባለው ዳታቤዝ ከሰርቨሩ ጋር አብሮ የሚመጣ፥ ለዚህም ምሳሌ በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ውስጥ ብቻ የሚኖር ነው፤ ሰርቨሩ በጠፋ ጊዜ የተመዘገበው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ሰንጠረዡንም ቢሆን ሰው አልሠራውም፤ ሃይበርኔት የተባለው ክፍል በጃቫ የተጻፈውን የአባል መግለጫ አንብቦ ሰንጠረዡን ያበጃል፥ አንድ ምናባዊ አባልም ለናሙና ያስገባበታል።

የቀድሞ ምሳሌ አግኝቶ በአዲስ ሰርቨር ላይ የሚጭን ሰው ግን ይጠንቀቅ። ድንጋጌው ሳንን ከገዛው ከኦራክል ወደ ኤክሊፕስ ፋውንዴሽን በተላለፈ ጊዜ የጃቫ ስም በኦራክል እጅ ስለ ቀረ፥ ጃካርታ ተብሎ ተሰየመ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በወጣው 9ኛው እትምም በኮዱ ራስጌ «ጃቫክስ» ይባሉ የነበሩት ስሞች «ጃካርታ» ሆነው ተለወጡ። ዋይልድፍላይ ከ27ኛው እትሙ ወዲህ አዲሶቹን ብቻ ስለሚያውቅ፥ አሮጌውን ኮድ ሳይለውጡ መጫን ከንቱ ድካም ነው።

ከምሳሌ ወደ እውነተኛ ሥራ መሻገር የፈለገ ሰው ዳታቤዙን በፖስትግሬስኪውኤል ይተካዋል፤ የዚህን ድራይቨር ለሰርቨሩ ይሰጣል፥ በአስተዳዳሪው ገጽ ወይም በትእዛዝ መሥመር አዲስ ዳታሶርስ ይከፍታል፥ አድራሻውንና የይለፍ ቃሉን በዚያ ያኖራል፤ ከዚያም በፐርሲስተንስ ፋይሏ ውስጥ የዳታሶርሱን ስም ይለውጣል። ከጃቫው ኮድ አንዲት መሥመር እንኳ አይነካም። ነገር ግን በዚያችው ፋይል «ክሪኤት-ድሮፕ» የሚል ትእዛዝ ተጽፎ ይገኛል፤ ትርጓሜውም አፕሊኬሽኑ ሲጫን ሰንጠረዡን አብጅ፥ ከሰርቨሩ ሲወገድ አፍርስ ማለት ነው። በሜሞሪ ለሚኖረው ኤች2 ይህ ጉዳት የለውም፤ የማኅበሩ አባላት ሁሉ በፖስትግሬስኪውኤል ተመዝግበው ሳለ አፕሊኬሽኑን ለማደስ ዋሩን ከፎልደሩ ያነሣ ሰው ግን መዝገቡን በገዛ እጁ ያስጠፋል፤ ስለዚህ ወደ ሥራ ከመግባቱ አስቀድሞ በምትኩ «ቫሊዴት» የሚለውን ይጽፋል፥ ይህም ሰንጠረዡ ከመግለጫው ጋር መስማማቱን ይመረምራል እንጂ አይነካውም።