ቀዳዳው ሲጠብ ምስሉ ለምን ይደበዝዛል?

ብዙዎች የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ ባጠበቡ ቁጥር ፎቶግራፉ የሚጠራ ይመስላቸዋል። እስከ ተወሰነ ደረጃ እውነት ነው፤ የቅርቡም የሩቁም ነገር በአንድነት ይጠራል። ሆኖም ብርሃን ሞገድ ነውና በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ዲፍራክሽን የምንለው ይህ ነው። በዚህ ምክንያት አንዲት ነጥብ በምስሉ ላይ ክብ ጠብታ ትሆናለች። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆርጅ ኤሪ ይህን በ1835 እ.ኤ.አ. አስልቶታል። የጠብታዋ ወርድ የሚገኘው የብርሃኑ ሞገድ ርዝመት በ2.44 እና በሌንሱ የኤፍ ቁጥር ሲባዛ ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል። ለአረንጓዴ ብርሃን (0.55 ማይክሮሜትር) በኤፍ 8 ወደ 11፣ በኤፍ 22 ግን ወደ 30 ማይክሮሜትር ይደርሳል። የአንዱ ፒክስል ወርድ 4 ማይክሮሜትር በሆነ ካሜራ ይህ ከሰባት ፒክስል በላይ ነው! ሻጮች የሚያሞግሱት የሜጋፒክስል ብዛት እዚህ ላይ አያድንም። ካሜራውን በመቆሚያ ላይ አጽንታችሁ አንድን የጋዜጣ ገጽ በሁለቱም ቁጥሮች አንሡ፤ ከዚያም ፊደላቱን አጉልታችሁ አስተያዩ።