የላፕቶፕ ክዳንና ማብሪያ በሊኑክስ ዘንድ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጀሞ ኮንዶሚኒየም እስከ መካኒሳና ለቡ ድረስ፣ ማታ መብራት ድርግም ባለ ጊዜ በላፕቶፕ ይሠራ የነበረ ሰው አስቀድሞ የሚያየው የባትሪውን መጠን ሲሆን፣ ቀጥሎም ክዳኑን ገጥሞ መብራቱን ይጠብቃል፤ ነገር ግን ክዳኑ ከተገጠመ በኋላ ማሽኑ ይተኛ ወይስ ነቅቶ ባትሪውን ይፍጅ የሚወስነው ክዳኑ ራሱ አለመሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው።

ቀድሞ፣ ኤፒኤም በሚባለው ሥርዓት ዘመን፣ የእንቅልፉ ሥልጣን በአመዛኙ ባዮስ በተባለው፣ ከፋብሪካ ተጽፎ በሚመጣው ፕሮግራም እጅ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ኤሲፒአይ የተባለውን ደንብ ካወጡ ወዲህ ግን ሥልጣኑ ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተላልፎ፣ ክዳኑም ማብሪያውም መልእክት አድራሾች ብቻ ሆነው ቀሩ። ሆኖም ማብሪያውን 4 ሰኮንድ ያህል ተጭኖ የያዘ ሰው ማሽኑን በግድ ያጠፋዋል፤ ይህን ፕሮግራም አይከለክለውም፣ ለደነዘዘ ማሽንም እንዲህ ያለ መውጫ መተዉ ደግ ነው።

ኡቡንቱን፣ ፌዶራንና ዴቢያንን በመሰሉት የሊኑክስ ዓይነቶች መልእክቱን ተቀብሎ የሚፈርደው፣ እንደ ግብር አዳራሽ አጋፋሪ በደጅ የቆመው፣ ሎጊንዲ የተባለው አገልጋይ ነው፤ የሚፈርድበትም ሕግ ኢቲሲ በተባለው ፎልደር፣ ሲስተምዲ በሚለው ክፍል፣ ሎጊንዲ ዶት ኮንፍ ተብሎ ማንም ሊያነበው በሚችል ጽሑፍ ይሰፍራል። በዚያ ሰነድ ‹ሃንድል ፓወር ኪ› የሚለው መስመር ስለ ማብሪያው፣ ‹ሃንድል ሊድ ስዊች› የሚለው ስለ ክዳኑ ይደነግጋል፤ እንዳሉ ከተተዉ ማብሪያው ማሽኑን ያጠፋል፣ ክዳኑ ያስተኛል፣ ‹ኢግኖር› ብሎ የጻፈባቸው ግን መልእክቱ እንዳልመጣ እንዲቆጠር አዝዟል። ከመስመሩ ፊት ያለውን የሃሽ ምልክት ደምስሶ፣ የወደዱትን ትእዛዝ ጽፎ ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሣት ነው። ይህን ሁሉ ፈጽሞ ለውጥ ያላየ ሰው ጂኖም ወይም ኬዲኢ የተባሉት ዴስክቶፖች የማብሪያውን ሥልጣን ከሎጊንዲ ተረክበው ይዘውት ይሆናልና፣ በእነርሱ ሴቲንግስ ውስጥ ይፈልገው።

እንቅልፉ ሁለት ዓይነት ነው። ሰስፔንድ በሚባለው የተከፈተው ሥራ ሁሉ በራም ላይ ይቆያል፤ ራም ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክ የያዘውን ስለማይጠብቅ፣ ባትሪው በተኛበት ካለቀ ያልተቀመጠው ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል፣ ሰስፔንዱ ራሱ ከፊል ንቃት በሆነባቸው አዳዲስ ማሽኖችም ባትሪው ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። ሃይበርኔት የተባለው ግን የራሙን ይዘት በዲስኩ ላይ ጽፎ ፈጽሞ ይጠፋል፤ ሲነሣ ይዘገያል እንጂ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ባይመጣ አይጎዳም። ስለዚህ ክዳኑ እንዲሁ ማስተኛቱ ሶኬቱ ሁልጊዜ ለሚሠራበት ቤት የተበጀ ልማድ ይመስለኛል፤ ለእኛ ሰፈር የሚስማማው ‹ሰስፔንድ ዜን ሃይበርኔት› የሚለው፣ መጀመሪያ አስተኝቶ፣ ስሊፕ ዶት ኮንፍ በተባለው ሰነድ ላይ የተወሰነው ጊዜ ሲያልፍ ሥራውን ወደ ዲስክ የሚያዛውረው ትእዛዝ ነው። ሆኖም በዲስኩ ላይ ስዋፕ የተባለ በቂ ቦታ ይሻል፤ ሴክዩር ቡት የተባለው ጥበቃ በበራባቸው የኡቡንቱና የፌዶራ ማሽኖችም የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነሉ ራሱ ሃይበርኔትን ስለሚከለክል፣ ክዳኑን ከማመን በፊት ሥራን አስቀምጦ አንድ ጊዜ መፈተን ይገባል።

ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ሌላው ነጻ ሲስተም ደግሞ ይህን ነገር በአንድ ቁጥር ይጨርሰዋል፤ ስለ ክዳኑ 0 የጻፈ ዝም ያሰኘዋል፣ 1 የጻፈ ያስተኛዋል፣ 2 የጻፈ ወደ ሃይበርኔት ይልከዋል።