ውድ የሆነው ፕላስቲኩ አይደለም

አንባቢ ሆይ፤ በኪስዎ ያለውን የእስክሪብቶ ክዳን አውጥተው በጥንቃቄ ይመልከቱት። በጎኑ የወረደች ቀጭን መስመር ወይም በአናቱ የቀረች ትንሽ ጠባሳ ያገኙ ይሆናል። መስመሯ ሁለት የብረት ግማሾች የተገጠሙበት፣ ጠባሳዋም የቀለጠው ፕላስቲክ የገባበት ቦታ ናት። ክዳኑ ዋጋው እጅግ ርካሽ ነው። ነገር ግን እንደ እርሱ ያለ አዲስ ክዳን በመቶ ፍሬ ብቻ ላሠራ ቢሉ፣ የሚጠየቁት ገንዘብ ያስደነግጥዎታል። ምክንያቱ ምን ይሆን?

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። እንደ ሩዝ ያሉ የፕላስቲክ ፍሬዎች እንደ ወፍጮ አፍ ባለ ማጉረሻ ወደ ጋለ የብረት ቧንቧ ይወርዳሉ። በውስጡ የሚዞረው፣ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ብረት እያሻሸና እያቀለጠ ወደ ፊት ይገፋቸዋል። ፖሊፕሮፒሊን ለሚባለው ፕላስቲክ ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። ከዚያም ሐኪም መድኃኒትን በመርፌ እንደሚወጋ ሁሉ፣ መኪናው የቀለጠውን ፕላስቲክ በኃይል ወደ ሞልዱ ያስገባዋል። ሞልድ ማለት ውስጡ በዕቃው አምሳል የተቦረቦረና ለሁለት የሚከፈት ቅርጽ ማውጫ ነው። ፕላስቲኩ ቀዝቅዞ ሲጠጥር ሞልዱ ይከፈታል፤ ዕቃውም ተገፍቶ ይወጣል።

ይህ ጥበብ የትናንት አይደለም። አሜሪካዊው ጆን ዌስሊ ሃያት ከወንድሙ ጋር የመጀመሪያውን መኪና በፈረንጆች አቆጣጠር በ1872 ዓ.ም. በፈጠራ መብት አስመዘገበ። ጥምዝ ብረት ያለውን መኪና ደግሞ ጄምስ ዋትሰን ሄንድሪ በ1946 ዓ.ም. ሠራ።

እንግዲህ የወጪው ምስጢር ያለው በሞልዱ ላይ ነው። ሒሳቡን አብረን እናስላ። አንድ ሞልድ 200,000 ብር ፈጀ እንበል። 200,000 ክዳን ቢወጣበት፣ በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው የሞልድ ወጪ 1 ብር ብቻ ነው። 200 ክዳን ብቻ ቢወጣበት ግን 1,000 ብር ይሆናል። ፕላስቲኩም መኪናውም ያው ነው፤ የተለወጠው ቁጥሩ ብቻ ነው።

ይህ ሒሳብ የስንቱን ሰው ሐሳብ በወረቀት ላይ አስቀርቶታል! መለዋወጫው መሠራቱ የቆመ የልብስ ስፌት መኪና ጥርስ የሚፈልግ ጠጋኝ፣ ለአካል ጉዳተኞች መገልገያ የሚሠራ ትንሽ ድርጅት፣ አዲስ ዕቃ ፈልስፎ በ300 ፍሬ ገበያውን ሊፈትን የሚሻ ወጣት፣ አንዳቸውም ሚሊዮን ፍሬ አያስፈልጋቸውም።

ታዲያ ምን ይበጃል? ሞልዱን በሚፈለገው ቁጥር ልክ ማሠራት ነው። ከጠነከረ ብረት የተሠራ ሞልድ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከሚሊዮን የሚበልጥ ዕቃ ያወጣል፤ ነገር ግን ለመቁረጥ አስቸጋሪ ነው። አሉሚኒየም ለስለስ ያለ በመሆኑ ፈጥኖ ይቆረጣል፤ ለጥቂት ሺሕ ዕቃም በሚገባ ይበቃል። ለጥቂት ዐሥር ፍሬዎች ደግሞ በስሪዲ ፕሪንተር የታተመ ሞልድ ሊያገለግል ይችላል። ሌላም ዘዴ አለ፤ የሞልዱን የውጭ ቤት አንድ ጊዜ አሠርቶ፣ ለየዕቃው ውስጡን ብቻ መለዋወጥ ነው።

መኪናውም ቢሆን የግድ ግዙፍ መሆን የለበትም። ዴቭ ሃከንስ የተባለ የኔዘርላንድ ሰው በፈረንጆች 2013 ዓ.ም. በጀመረው «ፕሬሽስ ፕላስቲክ» በተባለ ሥራ፣ በእጅ ማንሻ እየተጫኑ የሚያሠሩት መኪና ንድፍ ለሁሉም በነጻ ወጥቷል። የሚያቀልጠውም የተጣለ ፕላስቲክ ነው።

ሞልድ ከማዘዝዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ያስቡ። አንደኛ፣ የዕቃው ውፍረት በሁሉም በኩል ተቀራራቢ ይሁን፤ አለዚያ ወፍራሙ ሲቀዘቅዝ ይሰረጉዳል። ሁለተኛ፣ ጎኑ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ያህል ያዘንብል፤ ቀጥ ካለ ከሞልዱ አልወጣም ይላል። ሦስተኛ፣ ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ፖሊፕሮፒሊን ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ስለሚቀንስ፣ ሞልዱ በዚያው ልክ ሰፋ ማለት አለበት።

ከሁሉ በፊት ግን ስንት ፍሬ እንደሚፈልጉ ምኞትዎን ሳይሆን ገዢዎን ይቁጠሩ። ገበያው ከሰፋ የጠነከረውን ብረት በኋላ ማስቆረጥ ይቻላል። ለ200 ፍሬ የሚሊዮኑን ሞልድ ማዘዝ ግን፣ አበው እንደሚሉት፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።