ተጨማሪ መረጃ፦ ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ ያሉት ዓመታት

ጨጓራን በማሳነስ፣ ወይም ምግብ የትንሹን አንጀት መነሻ ክፍል ሳይነካ እንዲያልፍ በማድረግ የሚከናወነው የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ዘላቂ ውጤቱ ምን እንደሆነ ካሳዩት ታላላቅ ጥናቶች አንዱ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. በስዊድን የተጀመረውና ወደ 2,000 የሚጠጉ ታካሚዎችን ቀዶ ሕክምና ካላደረጉ ተመሳሳይ ሰዎች ጋር እያነጻጸረ ለአሠርት ዓመታት የተከታተለው ነው። ክብደት በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 1 ወይም 2 ዓመታት ቀንሶ ከዚያ በኋላ ከፊሉ ይመለሳል፤ ይሁንና ምግብ የአንጀታቸውን መነሻ ክፍል ሳይነካ እንዲያልፍ የተደረገላቸው ታካሚዎች ከ10 ዓመት በኋላም ከመነሻ ክብደታቸው በአማካይ 25 በመቶ ያህል ቀንሰው ተገኝተዋል። የስኳር በሽታ ከነበረባቸው መካከል በ2ኛው ዓመት 72 በመቶ የሚሆኑት በሽታው የለቀቃቸው ቢሆንም፣ በ10ኛው ዓመት ቁጥሩ ወደ 36 በመቶ ስለወረደ፣ ታካሚውን «ድኗል» ብሎ ማሰናበት ከባድ ስሕተት ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመው ትንተና እንዳሳየው፣ ቀዶ ሕክምና ያደረጉት ካላደረጉት በአማካይ 3 ዓመት ያህል የበለጠ ኖረዋል፤ ዕድሜያቸው ግን ከጠቅላላው ሕዝብ ዕድሜ አሁንም ያንሳል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጉዳት ከንጥረ ምግብ እጥረት የሚመጣው ነው። ብረት በዋናነት የሚመጠጠው ምግብ በማያልፍበት በዚያው የአንጀት ክፍል ሲሆን፣ ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ ወደ ሰውነት ለመግባት ከጨጓራ የሚመነጭ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ቢ12 ስለሚያከማች፣ የደም ማነሱና የእግር መደንዘዙ ታካሚው ፍጹም ጤነኛ ነኝ ባለበት ጊዜ ዘግይቶ ሊከሰት ይችላል። ስለዚህ የደም ምርመራውና የቫይታሚን ኪኒኑ ዕድሜ ልክ የሚቀጥሉ የሕክምናው አካላት ናቸው።