ተጨማሪ መረጃ፦ ሳይሰበር የሚሞት አጥንት

አጥንት ሕያው አካል ነው፤ ደም ካልደረሰው ይሞታል። በዳሌ መገጣጠሚያ ያለው የጭን አጥንት ራስና በትከሻ ያለው የክንድ አጥንት ራስ የደም አቅርቦታቸው ውስን በመሆኑ ለዚህ ችግር ይበልጥ ይጋለጣሉ። ያለ አደጋ ከሚያስከትሉት ምክንያቶች መካከል እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ስቴሮይድ መድኃኒቶችን በብዛትና ለረጅም ጊዜ መውሰድ፣ አልኮል ማዘውተርና ሲክል ሴል የተባለው በዘር የሚተላለፍ የደም ሕመም ይገኙበታል።

በሲክል ሴል የታመመ ሰው ቀይ የደም ሴሎች የማጭድ ቅርጽ እየያዙ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይዘጋሉ። ዘረ መሉን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ግን ከከባድ ወባ የተሻለ መከላከያ አለው፤ ስለዚህም ዘረ መሉ ወባ ለዘመናት በቆየባቸው የአፍሪካ አካባቢዎች በስፋት ይገኛል። ወባ በሚበዛበትና የሲክል ሴል ሕመም በሚታወቅባት ሱዳን ድንበር ላይ በሚገኘው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ጉዳዩን ማወቅ ይጠቅማል።

ልብ ይበሉ፦ የአጥንት ሞት ምልክቶች የብሽሽት ወይም የትከሻ ሕመምና ማነከስ ናቸው፤ የዳሌው ሕመም ጉልበት ላይም ሊሰማ ይችላል። በመጀመሪያ ደረጃ ራጅ ምንም ላያሳይ ስለሚችል ኤምአርአይ ያስፈልጋል። በክልሉ ዋና ከተማ በአሶሳም ሆነ በገጠር ወረዳ ያለ ታካሚ ሕመሙ ካልለቀቀው በጊዜ ወደ አጥንት ሐኪም ይላክ፤ የታዘዘለትን ስቴሮይድ ግን ሐኪም ሳያማክር በድንገት አያቋርጥ።