አልጋ የለየው ጠልቶሽ ነው ወይስ ሞቆት?

 

«ባሌ አልጋ ለየ!» ብላ አብሮ አደጌ በስልክ ስታለቅስብኝ፣ ወዲያው የጠረጠርኩት እናንተም አሁን የጠረጠራችሁትን ነው። ሌላ ሴት! አልፈረድኩም፤ ግን ባለፈው ግንቦት አውቶቡስ ተሳፍሬ ድሬዳዋ ወረድኩ።

ልጅቷ ያደገችው አዲስ አበባ፣ የጉለሌ ብርድ ላይ ነው። እሱ የድሬ ልጅ ነው። ከተጋቡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ሳቢያን ያለች ቆርቆሮ ክዳን ቤታቸው ስገባ ሻንጣዋ ተዘጋጅቶ በር ሥር ቆሟል።

ጉዱን ያየሁት ሌሊት ነው። እሷ ሆዬ «ንፋስ ይመታኛል» ብላ መስኮቱን ትጠረቅማለች። እሱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ውሎ፣ ለጨብሲ ሁለት ቢራ ጠጥቶ መጥቷል። ላብ በላብ ሆኖ ሲገላበጥ ቆየና «ኧረ አቦ ክፈቺው!» «አልከፍትም!» ተጀመረ። በመጨረሻ ፍራሹን ተሸክሞ ግቢ ወጣ። እኔም ሳሎን ውስጥ ጣራ ጣራውን ሳይ ነጋልኝ። ጠዋት «ስኳር አቀብለን» ቢሉኝ እንኳ የምደባደብ ነበር የመሰለኝ። በአንድ ሌሊት እንዲህ ከሆንኩ እነሱስ?

ጎረቤት ያሉ አንዲት እናት ሲሰሙ በሳቅ ሞቱ። «እኛ እኮ በግንቦት ግቢ አልጋ እያወጣን ስንተኛ ነው ያረጀነው! እሱን ብቻውን ለምን ትሰደዋለች? እሷም ትውጣ እንጂ!» አሉ። ለካ ለጉለሌዋ ልጅ የፍቺ ምልክት የሆነው ነገር፣ ለድሬው ልጅ የወቅቱ ወግ ኖሯል።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። እንቅልፍ ጥሩ ሆኖ እንዲወስደን ሰውነታችን ሙቀቱን 1 ዲግሪ ያህል መቀነስ አለበት። የሚያስወጣውም በቆዳ፣ በተለይ በእጅና በእግር በኩል ነው። ክፍሉ ከታፈነ ግን መውጫ ያጣል።

ስለዚህ ፀሐይ የሚገባበትን መስኮት ቀን በመጋረጃ ጋርዱት፣ ሲመሽ ወለል አድርጋችሁ ክፈቱት። ቆርቆሮና ብሎኬት ቀን የጠጡትን ፀሐይ ማታ ነው የሚተፉት። ንፋስ የሚፈራ ካለ ቬንትሌተሩን ከፊት መልሶ ወደ እግር ማዞር ነው። ከመተኛታችሁ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ፤ በጣም የቀዘቀዘ ውሃ የቆዳን ደም ሥር አኮማትሮ ሙቀቱን ውስጥ ያስቀረዋል። ናይለኑን ትታችሁ ስስ ጥጥ ልበሱ። ሽርጥና ድሪያ በከንቱ አልተለመዱም!

ጫትማ የልብ ምትና የሰውነት ሙቀት ይጨምራል፣ እንቅልፍም ያባርራል። ቢራው መጀመሪያ ቢያስተኛም ሌሊቱን ያባንናል። የማታ ቡናም ይቅርባችሁ።

ውጭ የምትተኙ ግን አጎበር እንዳትረሱ! በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋን የወባ ወረርሽኝ መትቷት ነበር። ከተማ ውስጥ ባለ የውሃ ማጠራቀሚያ ሁሉ የምትራባ የወባ ትንኝ ስላለች በርሜላችሁንም ክደኑ።

ወዳጆቼስ? ሻንጣው ተፈቷል። አሁን ሁለቱም ግቢ፣ አንድ አጎበር ሥር ያድራሉ። ስለ በርጫው ጭቅጭቁ አላለቀም፤ ግን ወደ ቀን አዛውረውታል። ቀን ሲሆን ደግሞ ቢያንስ ይደማመጣሉ።

እኔም የምላችሁ ይህንኑ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ፣ በላብ ተነክራችሁ፣ ስለ ትዳራችሁ አትወስኑ። መጀመሪያ መስኮቱን ክፈቱ።

ቀዝቀዝ ያለ ሌሊት ይስጠን!